በመሸ ቁጥር የሚበላሸው ካርድ፦ የአንድ የቤት ካሜራ የጉዳይ ጥናት

ስልኩ የተደወለልኝ ማክሰኞ ማታ ነው። የደወለችው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ናት። እናቷ ሰኞ አመሻሽ ላይ መተላለፊያው ውስጥ ወድቀው ተገኝተዋል። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግንባራቸው ላይ ግን እብጠት አለ፤ እንዴት እንደወደቁም አያስታውሱም። ሐኪሙ ደጋግሞ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ተደናቅፈው ነው ወይስ መጀመሪያ ራሳቸውን ስተው? አንዱ መልስ ወደ እግርና ወደ ዓይን፣ ሌላው ወደ ልብና ወደ ደም ግፊት ምርመራ ይወስዳል። መልሱ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትንሽ ካሜራ ውስጥ መኖር ነበረበት። ልጃቸው የስልኳን አፕ ስትከፍት ያገኘችው ግን «ካርዱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ያድርጉ» የሚል መልእክት ብቻ ነው፤ ከሥሩ አንድ ቁልፍ አለ።

«ልጫነው?» አለችኝ።

«እንዳትነኪው። ካሜራውን ከሶኬት ንቀይው፤ ካርዱን አውጪና ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።»

ያን ቁልፍ ብትጫን ምን ይሆን እንደነበር መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ቀረጻ ለዘለዓለም የሚጠፋው እዚያ ላይ ነውና። ፈጣን ፎርማት በራሱ ምስሉን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው የት ምን እንዳለ የሚናገረውን ሠንጠረዥ ነው። ነገር ግን ካሜራው ፎርማት እንዳደረገ ወዲያው መቅረጽ ይጀምራል፤ አዲሱ ቀረጻም በአሮጌው ላይ ይተኛል። ከዚህ የከፋው፣ አንዳንድ መሣሪያ ፎርማት ሲያደርግ ለካርዱ የመደምሰስ ትእዛዝ ይልካል። ካርዱ ያን ከተቀበለ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር ምንም አያገኝም።

ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ። እናትየው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ ያ ነገር ተገኘ?» አሉኝ። «ገና ነው እማማ፣ እየሞከርን ነው» አልኳቸው። ልጃቸው ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችልኝ አንድ ካርድ ሳይሆን ሦስት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ ሦስተኛዋ ነው፤ ሁለቱን አሮጌ ካርዶች መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣቸው ቆይታለች። «ካሜራው ደህና ነው፤ ካርድ ነው የማይበረክትልኝ» አለች። እኔም በስልክ «አርጅቶ ይሆናል» ብያት ነበር። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር፤ ግን ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ቀረጻውን ማውጣት ነበረብን።

ከተበላሸ ካርድ ላይ ፋይል ማውጣት በቀጥታ ካርዱ ላይ የሚሠራ ሥራ አይደለም። መጀመሪያ ካርዱ ከዳር እስከ ዳር፣ ባዶ የመሰለው ቦታ ሳይቀር፣ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካካው ያ ግልባጭ ብቻ ነው። ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ራሱ የመቆለፊያ ጎን የለውም፤ ሙሉ መጠን ባለው አዳፕተር ውስጥ ሲገባ ግን አዳፕተሩ ትንሽ መቆለፊያ አለው። እሱን ዘጋሁት። መቆለፊያው የሚሠራው ካርድ ሪደሩ ካከበረው ብቻ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩም ካርዱን በራሱ እንዳይከፍት አደረግኩ። ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ካርድ ሲገባበት «ስካን አድርጌ ላስተካክል?» ይላል። እሺ ከተባለ ሠንጠረዡን እንደ ራሱ ግምት ይጽፈዋል፤ ባለቤት ያጣውን ቁራጭ ሁሉ በቁጥር በተሰየሙ ፋይሎች ያጭቃል። የካርድ ሐኪም ነኝ የሚል ሰው መጀመሪያ ያንን ሲጫን ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

ለግልባጩ የተጠቀምኩት ዲዲሬስኪው የተባለውን የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። ከተራ የመገልበጫ ፕሮግራም የሚለየው፣ አንድ ቦታ ማንበብ ሲያቅተው እዚያው ተገትሮ ካርዱን አለማድከሙ ነው፤ ዘሎ ያልፍና ቦታውን በካርታ ይመዘግባል፣ ጤነኛውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ይመለስበታል። 64 ጊጋባይቱ ካርድ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አለቀ። መጀመሪያ 192 ኪሎባይት ብቻ አልነበብ አለ፤ ከኋላ ወደ ፊት እንዲያነብ ሳደርገው ወደ 64 ኪሎባይት ወረደ። ይህ ቁጥር ገና ከመጀመሪያው ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። ዕድሜው ያለቀ ካርድ እንዲህ በአንድ ጠባብ ቦታ ብቻ አይታመምም፤ ቁስሉ ሰፊና የተበታተነ ነው።

ግልባጩን ስከፍት ነገሩ ግልጽ መሆን ጀመረ። ካርዱ ፋት32 በሚባለው ፋይል ሲስተም የተሰናዳ ነው። በዚህ አሠራር ካርዱ በእኩል ክፍሎች ይሸነሸናል፤ እዚህ ላይ እያንዳንዱ ክፍል 32 ኪሎባይት ነው። የትኛው ክፍል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚናገር ሠንጠረዥ አለ፤ ሠንጠረዡም ለጥንቃቄ ሁለት ቅጂ አለው። ስለዚህ ካሜራው አንድ ቀረጻ ሲጨምር ምስሉን ይጽፋል፣ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ያድሳል፣ ሁለተኛውን ያድሳል፣ በመጨረሻም የፋይሉ ስምና መጠን የሚቀመጥበትን መዝገብ ያስተካክላል። እነዚህ በአንድ ቅጽበት አይጻፉም፤ ተራ በተራ ነው። ኮምፒውተሮች የሚጠቀሙባቸው ዘመናዊ ፋይል ሲስተሞች «ይህን ልሠራ ነው» ብለው አስቀድመው ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ መሐል ላይ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ከማስታወሻው ተነስተው ይጠግኑታል። ፋት32 ይህ የለውም።

ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ሳስተያያቸው አይመሳሰሉም። የመጀመሪያው ቅጂ መነሻ ላይ ያለ ክፍል ባዶ ሆኗል፤ ሁለተኛው ሙሉ ነው፣ ግን ጥቂት መስመር ወደ ኋላ ቀርቷል። የመጀመሪያው እየታደሰ ሳለ አንድ ነገር አቋርጦታል፤ ሁለተኛው ጋ ሳይደርስ። ካሜራው ሲነሳ የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ «ተበላሽቷል» አለ። እዚህ ላይ ዕድልም ረድቶናል። በኤስዲ ካርድ ደንብ መሠረት ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ የሚሰናዳው ኤክስፋት በሚባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ነው፤ ኤክስፋት ደግሞ ሠንጠረዡን በተለምዶ አንድ ቅጂ ብቻ ነው የሚይዘው። ይህ ካሜራ ግን እንደ ብዙ የቤት ካሜራዎች 64 ጊጋባይቱንም በፋት32 ነበር ያሰናዳው። ሁለተኛውን ቅጂ በመጀመሪያው ቦታ ገልብጬ ስከፍተው ከቅዳሜ ጀምሮ ያሉት ቀረጻዎች አሥር አሥር ደቂቃ ሆነው ተደረደሩ።

እስከ ሰኞ ምሽት 12 ሰዓት ከ30 ድረስ። ከዚያ በኋላ ያለው ፋይል ስሙ አለ፤ መጠኑ ዜሮ ባይት ይላል።

ልጅቷ ወደ ቤት የገባችው 12 ሰዓት ከ50 ላይ ነው። አፕዋ ላይ ካሜራው ግንኙነቱ የተቋረጠበት ሰዓት ተመዝግቧል፤ 12 ሰዓት ከ38። የምንፈልገው ነገር ተከስቶ ከሆነ በዚያ ዜሮ ባይት በሚለው ፋይል ውስጥ ነው።

ዜሮ ባይት ማለት ባዶ ማለት እንዳልሆነ ለባልደረባዬ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁና። መጠኑ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ፋይሉ ሲዘጋ ነው። ፋይሉ ሳይዘጋ ካሜራው ጠፍቷል። ምስሉ ግን እስከዚያ ቅጽበት ድረስ እየተጻፈ ስለነበር፣ ስምና ባለቤት ሳይኖረው ካርዱ ላይ ተኝቷል። የቀረጻው መጠን በሰከንድ 2 ሜጋቢት፣ ማለትም 250 ኪሎባይት ገደማ ነው። ከ12 ሰዓት ከ30 እስከ 12 ሰዓት ከ38 ያሉት ስምንት ደቂቃዎች ወደ 120 ሜጋባይት ይመጣሉ። የምንፈልገው ይህን የሚያህል ባለቤት አልባ ክፍል ነው።

ፎቶሬክ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ነው የተሠራው። ሠንጠረዡን ትቶ እያንዳንዱን ክፍል ያነባል፤ የታወቀ የፋይል መነሻ ምልክት ሲያገኝ ከዚያ ጀምሮ ቆርጦ ያወጣል። የኤምፒ4 ቪዲዮ መነሻው ይታወቃል፤ አገኘው። ያወጣው ፋይል ግን 4 ሜጋባይት ብቻ ሆነ። ለምን እንደቆመ ለማወቅ ቁጥሮቹን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ። ካሜራው እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር ትንሽ ፎቶ አንስቶ ለማስጠንቀቂያ መልእክቱ ያስቀምጣል። ያ ፎቶ የሚያርፈው ቪዲዮው እየተጻፈበት ባለው ተርታ መሐል ነው። ፕሮግራሙ የጄፔግ፣ ማለትም የፎቶ ፋይል፣ መነሻ ሲያይ ቪዲዮው ያለቀ መስሎት አቆመ። እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ሦስት አገኘሁ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ክፍል ይዘዋል። እነዚህን ስድስት ክፍሎች አውጥቼ ቪዲዮውን ገጣጠምኩት። መሐል ላይ ሰው እንደነበረና እንደተንቀሳቀሰ የነገሩን ራሳቸው እነዚያ ፎቶዎች ነበሩ፤ የመጨረሻው ላይ የእናትየው ነጠላ ጫፍ ይታያል። ልጅቷን ጠርቼ አላሳየኋትም፤ ሙሉው እስኪገኝ ብዬ።

የተገጣጠመው ፋይል 119 ሜጋባይት መጣ። ሲከፈት ግን «ይህ ፋይል አይነበብም» አለ። ይህም የሚጠበቅ ነው። ተራ ኤምፒ4 ማውጫው ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ ሙቭ ይሉታል። እያንዳንዱ ምስል የት እንደሚጀምር፣ ድምፁ የት እንዳለ፣ ምስሉ በምን ልክ እንደተጨመቀ የሚናገረው እሱ ነው። ካሜራው ፋይሉን ሲዘጋ ብቻ የሚጽፈው ስለሆነ እዚህ የለም። ያለ እሱ 119 ሜጋባይቱ ቁልፍ የሌለው ሣጥን ነው።

መፍትሔው ከዚያው ካሜራ፣ በዚያው የምስል ጥራት የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ማግኘት ነው። አንትራንክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጤነኛውን እንደ ናሙና ወስዶ ማውጫ ለጎደለው አዲስ ማውጫ ይሠራል። ናሙናውን ካወጣናቸው ቀረጻዎች ወሰድኩ። ባይኖረን ኖሮ ካሜራው ውስጥ ሌላ ካርድ አስገብተን አምስት ደቂቃ መቅረጽ ይበቃ ነበር፤ ካሜራው የጥራት ቅንብሩ እስካልተነካና ሶፍትዌሩ እስካልታደሰ ድረስ። ሰዎች ካርድ ሲበላሽ «ምናልባት ይሻለው እንደሆነ» ብለው ካሜራውን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱታል። ያን ጊዜ ናሙናው ይጠፋል።

ፋይሉ ተከፈተ። 7 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ካርዱ ላይ ሳይደርሱ በካሜራው ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ቀርተዋል፤ ድምፁም ከምስሉ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። አራተኛው ደቂቃ ላይ እናትየው ከመኝታ ቤት ይወጣሉ። መሐል ላይ ይቆማሉ። እጃቸውን ግድግዳው ላይ ያሳርፋሉ፤ ለስድስት ሰከንድ ያህል አይንቀሳቀሱም። ከዚያ አንገታቸው ዘንበል ይላል፤ ጉልበታቸው ይታጠፋል፤ ግድግዳውን ይዘው ይንሸራተታሉ። እግራቸው ሥር የሚያደናቅፍ ነገር አልነበረም።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው። ለሐኪሙ የሚሰጠውን ቅጂ ሠራሁላት፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የሐኪሙና የቤተሰቡ ነው። ሁለት ቅጂ መኖሩን ካረጋገጥን በኋላም የካርዱን ግልባጭ እሷ እያየች ከኮምፒውተሬ ላይ አጠፋሁ። የሰው ቤት ውስጥ የተቀረጸ የሦስት ቀን ኑሮ እኔ ዘንድ የሚያድርበት ምክንያት የለም። ይህን ሥራ የሚሠራ ሁሉ ሳይጠየቅ እንዲያደርገው እመኛለሁ።

ሌላ ዓይነት ካሜራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ላይሠራ ይችል ነበር። አንዳንዶቹ ቀረጻውን በምስጢር ቁልፍ ይጽፋሉ፤ ካርዱ ከካሜራው ውጭ ትርጉም የለውም። አንዳንዶቹ ደግሞ ካርዱን አስቀድመው በእኩል መጠን ፋይሎች ይሞሉና በነዚያ ላይ እየዞሩ ይጽፋሉ፤ የቱ ሰዓት የቱ ፋይል ውስጥ እንዳለ የሚያውቀው ለብቻው የተቀመጠ ማውጫ ነው። እንዲያ ያለው ካርድ በሌላ መንገድ ነው የሚፈታው።

ቀረጻው ተገኘ፤ ግን ሦስት ካርድ በሁለት ዓመት ለምን? አዲስ ካርድ አስገብቼ ብመለስ አራተኛውም ይበላሽ ነበር፤ ምናልባትም እናትየው ደግመው በወደቁበት ምሽት።

መጀመሪያ ያሰብኩት የካርዱን ዕድሜ ማለቅ ነበር። የፍላሽ ሚሞሪ ክፍሎች የሚጻፍባቸው ጊዜ የተወሰነ ነው፤ በዛሬ ተራ ካርዶች ውስጥ ያለው ዓይነት በሺህ ቤት የሚቆጠር ነው። ነገር ግን ሂሳቡን አስሉት። በሰከንድ 250 ኪሎባይት በሰዓት 900 ሜጋባይት፣ በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው። 64 ጊጋባይቱ ካርድ በሦስት ቀን ገደማ ይሞላና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ በዓመት 123 ጊዜ ያህል ይሞላል ማለት ነው። ካርዱ በውስጡ ለራሱ ሥራ የሚጽፈውን ጨምረን በሦስት ብናባዛው እንኳ 370 አይሞላም። ካርዱ የተገዛው ከሰባት ወር በፊት ነው። አርጅቶ ሊሆን አይችልም።

ይህን ለማረጋገጥ ኤፍ3 በተባለው ፕሮግራም ሦስቱንም ካርዶች ከዳር እስከ ዳር ጽፌ መልሼ አነበብኳቸው። የአሁኑ ካርድ ግልባጩ ከተወሰደና ቀረጻው በእጃችን ከገባ በኋላ ነው የተሞከረው፤ ይህ ሙከራ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ውጤቱ ያልጠበቅኩት ሆነ። የአሁኑ ካርድ ምንም ስሕተት የለበትም፤ ያ ያልተነበበው 64 ኪሎባይት እንኳ አዲስ ሲጻፍበት ተነበበ። አካሉ አልተጎዳም፣ ጽሕፈቱ ነው የተቋረጠው። ሁለተኛው፣ 32 ጊጋባይቱ፣ እሱም ጤነኛ ነው። የመጀመሪያው ግን ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት ተጽፎበት እውነተኛ መጠኑ ወደ 16 ጊጋባይት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ አስመሳይ ካርድ መቆጣጠሪያው «128 ነኝ» እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ካሜራው 16 ጊጋባይት እስኪሞላ ድረስ ሁሉ ደህና ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ የትም አይደርስም ወይም ቀድሞ ያለውን ይደመስሳል። የዚህ ቤት ግራ መጋባት የጀመረው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ካርድ በእርግጥም የራሱ ጥፋት ነበረበት፤ ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንደሱ የተባሉት ያለ ጥፋታቸው ነው።

ሁለት ጤነኛ ካርዶች ከተበላሹ በደለኛው ካርዱ አይደለም። እዚህ ላይ ከመሣሪያ ይልቅ የረዳኝ ልጅቷ ራሷ ናት። አፕዋ ላይ ካሜራው የተቋረጠባቸውን ጊዜያት ዝርዝር አውጥተን አየን። በአንድ ወር ውስጥ 14 ጊዜ ተቋርጧል፤ ሁሉም ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ። ኢንተርኔቱ መስሏት ዝም ብላ ነበር። ዝርዝሩን እያየች ሳለ «ይሄኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ ቶሎ ነው የጨለመው» አለች። ያ ቀን ካሜራው የተቋረጠው ከሌሎቹ ሁሉ ቀደም ብሎ ነበር። ካሜራውን የሚያጠፋው ሰዓት ሳይሆን ጨለማ ነው።

ሲጨልም ካሜራ ውስጥ ምን ይለወጣል? ለዓይን የማይታዩት የኢንፍራሬድ መብራቶች ይበራሉ። ከሌንሱ ኋላ ያለችው ማጣሪያ «ቲክ» ብላ ቦታ ትለቃለች፤ እሷን የሚገፋው ትንሽ መግነጢስ ለቅጽበት የራሱን ኤሌክትሪክ ይስባል። በዚያው ሰዓት ቀረጻው ወደ ካርዱ እየተጻፈ ነው፣ ዋይፋዩም ይሠራል። ካሜራው በቀን ውስጥ ከሁሉ አብዝቶ ኤሌክትሪክ የሚጠይቀው በዚህች ቅጽበት ነው።

ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ። ሶኬቱ ከመተላለፊያው ራቅ ብሎ ስለነበር ካሜራው የሚመገበው በአምስት ሜትር ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው የአሮጌ ስልክ ቻርጀር ነው። ገመዱ ላይ 28 ኤደብልዩጂ የሚል የሽቦ ውፍረት መለኪያ ተጽፏል። ያ ውፍረት በሜትር 0.21 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ አምስቱ ሜትር አሥር ሆኖ ይቆጠራል፤ 2.1 ኦም። በስልክ ቻርጅ ላይ ይህ ቢበዛ ስልኩን ያዘገያል። ያለ ባትሪ ለሚሠራ ካሜራ ግን እያንዳንዱ አምፔር ከሁለት ቮልት በላይ ገመዱ ላይ ይቀራል ማለት ነው። በካሜራው ጫፍ ላይ የዩኤስቢ መለኪያ ሰካንና ቡና ይዘን ጨለማውን ጠበቅን። ቀን ላይ 0.2 አምፔር እየሳበ 4.6 ቮልት ያሳይ ነበር፤ ያኔውም ከሚጠበቀው 5 ቮልት በታች ነው። ብርሃኑ ሲደበዝዝ መብራቶቹ በሩ፤ 4.1 ሆነ። «ቲክ» የሚለው ድምፅ ሲሰማ መለኪያው ለቅጽበት 3.7 አለና ካሜራው ጠፍቶ ተነሳ።

ባልደረባዬ ምንም አልተናገረችም። መለኪያውን ይዛ ቆየች።

ካርዱ የሚሠራው ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ባለው ነው፤ ካሜራው ከ5 ቮልቱ አውርዶ 3.3 ይሰጠዋል። የሚገባው ወደ 3.7 ሲወርድ ለማስተካከያው ክፍል የሚቀረው ትርፍ እጅግ ጠባብ ነው፤ ከዚያ በታች ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ቢወርድ እንኳ የካርዱም ምግብ አብሮ ይወርዳል። በ14ቱም ጊዜ ካርዱ ያልተበላሸው፣ መጥፋቱ ሁልጊዜ ሠንጠረዡ በሚጻፍበት ቅጽበት ላይ ስለማይገጥም ነው። ሰኞ ግን ገጠመ። ቤት ውስጥ መብራት ሲሄድና ሲመጣ የሚደርሰው ጉዳትም ከዚህ አይለይም፤ ልዩነቱ ያኛውን ሰው ያየዋል፣ ይህን ግን ማንም አያየውም።

ጥገናው አጭር ነው። ረጅሙን መንገድ የዋናው ኤሌክትሪክ ማራዘሚያ እንዲሄደው አደረግን፤ ቻርጀሩ በ2 አምፔር አዳፕተር ተተክቶ ከካሜራው አጠገብ ተሰካ፤ ከአዳፕተሩ እስከ ካሜራው አንድ ሜትር ወፈር ያለ 24 ኤደብልዩጂ ገመድ ብቻ ቀረ። በዚያ ምሽት በ«ቲክ» ጊዜ የታየው ዝቅተኛ ቁጥር 4.8 ቮልት ነው።

ካርዱንም ቀየርነው፤ ግን በመጨረሻ። ለተከታታይ ቀረጻ ተብሎ የተሠራ፣ በመቅረጫ ሰዓት የሚለካ ጽናት የተጻፈበት ዓይነት ነው፤ ገና ሳይገባ በኤፍ3 ሙሉ መጠኑ ተፈተሸ፤ ፎርማት የተደረገውም እዚያው ካሜራ ውስጥ ነው። ካርድ ላይ በትልቁ የሚታተመው የፍጥነት ምልክት ለዚህ ሥራ የሚጠቅም አይደለም። «ክላስ 10» በሰከንድ 10 ሜጋባይት እጽፋለሁ ይላል፤ ካሜራው የሚጠይቀው ሩብ ሜጋባይት ነው። ልጅቷ ካርዱን ለማውጣት ስትፈልግ መጀመሪያ ከአፑ ላይ ቀረጻውን እንድታቆም ተስማማን። በየሌሊቱም የዕለቱ ቀረጻ ቤት ውስጥ ወዳለ ኮምፒውተር እንዲገለበጥ አደረግን፤ ስለ እናቷ የሚጠየቅ ነገር ዳግመኛ በአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ብቻ እንዲንጠለጠል አልፈለግንም።

ከአራት ወር በኋላ ሌላ ጉዳይ ይዞኝ በዚያ ስሄድ ገባሁ። እናትየው መተላለፊያው ላይ በተተከለው የእጅ መያዣ ተደግፈው በሩን ከፈቱልኝ። አፑ ላይ ያለው ዝርዝር ባዶ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ካሜራው አንድም ምሽት አልተቋረጠም። ልጅቷ ቀረጻውን አቁማ ካርዱን አውጥታ ሰጠችኝ፤ መቆለፊያውን ዘግቼ ሁለቱን የሠንጠረዥ ቅጂዎች ጎን ለጎን አስተያየኋቸው። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው።